አባትዎ የቆሙት ከየትኛው ኤፍ-5 ፊት ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ሜካኒክ ነበር። አሁን በሕይወት የለም። ከአንድ ተዋጊ ጄት ፊት ቆሞ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ከጀርባው በእስክሪብቶ 1967 ተጽፏል። የጄቱ ክንፍ ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ሲጋር የመሰለ ነገር አለ። አጎቴ ‹ይሄ ኤፍ-5ኢ ነው፤ ኢ ማለት ኢትዮጵያ ማለት ነው፤ የሶማሊያን ሚጎች የጣለው ይሄው ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውም ሚሳይሉ ነው› ይላል። ለሙት ዓመቱ ፎቶውን አሳድገን ከሥሩ ጽሑፍ ልናስገባበት ነው። ኤፍ-5ኤ እና ኤፍ-5ኢ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፎቶው ላይ ያለውስ የትኛው ነው?»

ፎቶው ላይ ያለው ኤፍ-5ኤ ነው። አጎትዎ ስለ ጦርነቱ የሚያወሩት መሠረት አለው። ስለ ፊደሏ፣ ስለ ሚሳይሉና ስለዚህ ፎቶ የሚሉት ግን ልክ አይደለም።

ከፊደሏ ልጀምር፤ ይሄን ወሬ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። አሜሪካኖች አንድ አውሮፕላን አዲስ ዓይነት በወጣለት ቁጥር የፊደል ተራ ይሰጡታል። ኤ የመጀመሪያው ባለ አንድ መቀመጫ ነው። ቢ የእሱ ባለ ሁለት መቀመጫ ማሰልጠኛ ነው። ሲ የተባሉት ቬትናም ውስጥ ለሙከራ ውጊያ የገቡ፣ አየር ላይ ነዳጅ መቀበያ የተገጠመላቸው ጥቂት ኤዎች ናቸው። ከዚያ ኢ መጣ። ኤፍ ደግሞ የኢ ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። ይኸው ኢ ኢራንም፣ ታይዋንም፣ ስዊዘርላንድም ገብቷል። ኢ ኢትዮጵያ ከሆነ ስዊዘርላንዶችን ምን ልንላቸው ነው?

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይከፋል። ብዙ ሰው ኢ ማለት ኤ ጋራዥ ገብቶ፣ ራዳር ተገጥሞለት የወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ኢ ከፋብሪካ እንደ አዲስ የተሠራ አውሮፕላን ነው። መልኩ ከኤ ጋር ስለሚመሳሰል ነው የሚያሳስተው። የአየር ኃይላችንን ኤ ማንም ወደ ኢ ቀይሮት አያውቅም።

ሁለቱ ለምን እንደተሠሩ ማወቅ ልዩነታቸውን ግማሽ ያስረዳል። ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. ያልኩት የፈረንጅ ነው፤ ዓ.ም. ያልኩት የእኛ። ኖርዝሮፕ የተባለው ኩባንያ የኤን የመጀመሪያ ናሙና ያበረረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ለጥገና የማያስቸግር ጄት ሠርቶ በአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ለሚታቀፉ አገሮች ማደል። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች፤ ኤ ወደ እኛ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በኋላ ግን የሶቪየቶቹ ተዋጊ ጄት ሚግ-21 በየአገሩ ተበተነ። ኤ ደግሞ ሚግ-21ን አየር ላይ እንዲገጥም ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ስለዚህ አሜሪካ ለወዳጆቿ የሚሆን አዲስ ተዋጊ ፈልጋ ኩባንያዎችን አወዳደረች። እ.ኤ.አ. በ1970 ኖርዝሮፕ አሸነፈ፤ በ1972 ነሐሴ ኢ በረረ። ሚግ-21 ባይኖር ኢ ባልኖረ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ትልቁ ልዩነት ሞተሩ ነው። ሁለቱም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ጄ-85 ሞተር ነው የሚበሩት፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አላቸው። ግን የኤ ሞተር አፍተርበርነሩ (ከሞተሩ ጭራ ነዳጅ ጨምሮ የሚያቃጥለው ክፍል) ሲበራ 1,850 ኪሎ ገደማ ይገፋል። የኢ ሞተር ደግሞ 2,270 ኪሎ ገደማ። ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጭማሪ ነው። ጭማሪው የመጣው አየሩን የሚያምቀው ክፍል ላይ አንድ ተጨማሪ ረድፍ በመጨመሩ ነው፤ ስምንት የነበረው ዘጠኝ ሆነ።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ብዙ የሚገፋ ሞተር ብዙ አየር ይጠጣል። ስለዚህ ከአብራሪው ኋላ በግራና በቀኝ ያሉት የአየር ማስገቢያዎች ሰፉ። ሞተሩን ለመሸከም አካሉ ወፈረ። አካሉ ሲወፍር ነዳጅ መያዣው አደገ፤ ኤ በሆዱ 2,200 ሊትር ገደማ ሲይዝ ኢ 2,500 ይደርሳል። ክብደቱ ሲጨምር ክንፉም መስፋት ነበረበት፤ ከ15.8 ካሬ ሜትር ወደ 17.3 ካሬ ሜትር አደገ። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲነሳ ኤ ከ9.3 ቶን ብዙም አያልፍም፤ ኢ ከ11 ቶን በላይ ይነሳል። ፍጥነታቸው ደግሞ ኤ ከድምፅ 1.4 እጥፍ፣ ኢ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው።

የፍጥነቱ ልዩነት ለወሬ ይመቻል እንጂ ውጊያ ላይ ያን ያህል አይደለም። እኔ ቢጠይቁኝ ከፍጥነቱ ይልቅ የክንፉን ሥር ነው የማሳይዎት። ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ወደ ፊት ወደ አየር ማስገቢያው የሚዘልቅ ሹል ሦስት ማዕዘን ነገር አለ። ኤ ላይ ትንሽ ናት፤ ልብ ካላሉ አያዩዋትም። ኢ ላይ አድጋለች። ጄቱ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲታጠፍ ይህቺ ቦታ ከላይዋ ኃይለኛ የአየር ሽክርክሪት ትፈጥራለች። ሽክርክሪቱ ክንፉ አየሩን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ኢ የክንፉን የፊትና የኋላ ጠርዝ ውጊያ መሃል ማጠፍ ይችላል። ኤም የሚታጠፍ ጠርዝ አለው፤ ግን ለመነሳትና ለማረፍ የታሰበ ነው። አንድ አብራሪ ጠላት ጭራው ላይ ሲሆንበት ሕይወቱን የሚያተርፍለት ይሄ ጠባብ መታጠፍ ነው።

ከዚያ ራዳሩ አለ። ኤ ራዳር የለውም። አብራሪው የሚያየው በዓይኑ ነው፤ የሚያነጣጥረው ፊቱ ባለው የማነጣጠሪያ መስተዋት ነው። ኢ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ራዳር አለችው፤ ከመድፉ ማነጣጠሪያ ጋር ተገናኝታ ርቀት ትነግረዋለች። እዚህ ጋ ሰው ያጋንናል። ራዳሯ የምትፈልገው እስከ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚበርን አውሮፕላን ደግሞ ከመሬቱ ለይታ አታሳይም። ሌሊት አድኖ የሚመታ አውሮፕላን አታደርገውም። ሆኖም ምንም ከሌለው በጣም ትሻላለች።

መድፉ አንድ ነው። ሁለቱም አፍንጫቸው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፍ፣ ለእያንዳንዱ 280 ጥይት ይይዛሉ። ስለዚህ ፎቶ ላይ መድፍ ቆጥሮ ኤ ነው ኢ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የፈረንጅ ጸሐፊዎች ቶሎ የሚያልፉት፣ ለእኛ ግን ትልቅ የሆነ። የደብረ ዘይቱ የአየር ኃይል ጣቢያ ሐረር ሜዳ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር ይልቅ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል፣ ክንፉም የሚሸከመው ይቀንሳል። ወረቀት ላይ የተጻፈው የሞተር ጉልበት የባሕር ዳር ጉልበት ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,160 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ግን ሙቀቷን ያውቁታል፣ ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ቦምብ የተሸከመ ኤ ከእንዲህ ያለ ሜዳ ሲነሳ ረጅም መንደርደር ይፈልጋል። ኢ ለዚህ ከትርፍ ጉልበቱ ሌላ አንድ ዘዴ አለው፦ የፊት እግሩ ይረዝማል። አብራሪው ከመንደርደሩ በፊት የፊት ጎማውን እግር ከፍ ያደርገዋል፤ አፍንጫው በሦስት ዲግሪ ገደማ ቀና ይላል፤ ክንፉም ቶሎ አየር ይይዛል። ቆሞ ሲያዩት ሊነሳ የተቆጣ በሬ ይመስላል።

ወደ አጎትዎ ታሪክ እንምጣ። ጦርነቱ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሲፋፋም የሶማሊያ አየር ኃይል ሚግ-21 እና ሚግ-17 ነበረው። የእኛ ኢዎች ገና እ.ኤ.አ. በ1976 የገቡ ነበሩ፤ ከታዘዙትም የመጡት በከፊል ነው። አሜሪካና ደርግ ሲኳረፉ የቀረው ቀረ። አየር ላይ ሚግ የመግጠሙ ሸክም በዋናነት የወደቀው በእነዚህ ጥቂት ኢዎች ላይ ነው። ኤዎቹ ከሌሎቹ የአየር ኃይላችን ጄቶች፣ ከሴበርና ከካንቤራ ጋር፣ ይበልጥ የተሰለፉት ምድር ላይ ያለውን ጦር በመምታት ነበር። ይሄ ግን ኤን አያሳንሰውም። ታንክና ጭነት መኪና መምታት ማለት የመሬት ተኩስ መሃል ዝቅ ብሎ መግባት ማለት ነው።

«ኢ ከሚግ-21 ስለሚፈጥን ነው ያሸነፈው» የሚል ቢያገኙ አይመኑት። ሚግ-21 ከድምፅ ሁለት እጥፍ ይበራል። በቀጥታ ሩጫ ኢ አይደርስበትም። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ማንም ተናንቆ አይዋጋም። ሁለት ጄቶች መዞር ሲጀምሩ ፍጥነታቸው ከድምፅ በታች ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ኢ ጠባብ ይታጠፋል፣ ትንሽ ስለሆነ ለዓይን ያስቸግራል፣ አብራሪውም ዙሪያውን ከሚጉ አብራሪ የተሻለ ያያል። አሜሪካኖች በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የራሳቸውን አብራሪዎች ሲያሠለጥኑ እንደ ሚግ-21 ሆኖ የሚጫወት አውሮፕላን ፈልገው የመረጡት ኢን ነው። መጠኑም ጠባዩም ይቀርባል ብለው። ሶቪየቶችም ከቬትናም የተማረከ ኢ አግኝተው ከሚግ-21 ጋር አታግለውት፣ በቅርብ ፍልሚያ የእነሱው ሚግ ተቸግሯል። እነሱ ሜዳ ላይ የሞከሩትን እኛ በጦርነት አየነው።

ሚሳይሉን በተመለከተ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። የእኛዎቹ የሚተኩሱት ሳይድዋይንደር፣ የእነሱ ሚግ የሚተኩሰው ኬ-13 የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ታይዋን አጠገብ በተደረገ ውጊያ ሳይፈነዳ የቀረ ሳይድዋይንደር ቻይናዎች እጅ ገባ፤ ወደ ሞስኮ ተላከ፤ ሶቪየቶች ገልብጠው ሠሩት። ስለዚህ በሚሳይል ተበላለጥን ማለት ያስቸግራል።

የተበላለጥነው በአብራሪና በሜካኒክ ነው። አብራሪዎቻችን አሜሪካ የሠለጠኑ፣ በዚያ አውሮፕላን ዓይነት ዓመታት የበረሩ ነበሩ። ለገሠ ተፈራ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሚግ ጥሎ፣ በኋላ እሱም ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ታስሯል። የሜካኒኩን ሥራ ደግሞ ማንም አይተርከውም። የአሜሪካ መለዋወጫ ሲቆም ጄት በጸሎት አይበርም። ኤ እና ኢ እህትማማች ቢመስሉም የኤ ሞተር ኢ ላይ፣ የኢም ኤ ላይ እንዲሁ አይገጠምም። ሁለት ዓይነት ጄት አለ ማለት ሁለት ዓይነት መጋዘን ይፈልጋል ማለት ነው። አባትዎ ጓንት በሌለው እጃቸው ይሄን ሲያመቻቹ እንደነበር ቢያስቡ አይሳሳቱም።

አሁን ወደ ፎቶው። ለምን ኤ ነው እንዳልኩ ላስረዳ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ያ ሲጋር የመሰለው ነገር ነው። ሚሳይል አይደለም፤ የነዳጅ ታንክ ነው። ኤ ክንፉ ጫፍ ላይ 190 ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንክ ይገጠምለታል። ኢ ጫፉ ላይ ያለው የሚሳይል ሐዲድ ብቻ ነው፤ ታንክ አይገጠምበትም። ተጨማሪ ነዳጅ ካስፈለገው በሆዱና በክንፉ ሥር ያንጠለጥላል። ሳይድዋይንደር ደግሞ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ 13 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከፊቱም ከኋላውም የተዘረጉ ክንፎች አሉት። ወፈር ያለ፣ ልሙጥ፣ ከክንፉ ጋር የተጣበቀ ነገር ካዩ ታንክ ነው። ታንክ ጫፍ ላይ ካለ ኢ ሊሆን አይችልም። ሁለት መቀመጫ ቢኖረው ቢ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ የአብራሪው መቀመጫ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር ነው። 1967 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ከመስከረም 1974 እስከ መስከረም 1975 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ይወድቃል። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ማለት ነው። ኢ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ገና አልደረሰም። አባትዎ በፈረንጅ ጽፈውት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ኢ በዓለም ላይ አልነበረም። በየትኛውም ቢቆጥሩት ኤ ነው። ይሄ ዓይነት ዕድል ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ በአብዛኛው የፎቶ ጀርባ ቁጥር የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠፍቶን ነው የምንጣላው።

ቁጥሩ በኋላ ተገምቶ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ይሄን አልክድም። ታንኩ ግን በኋላ አይጻፍም። ሁለቱ መስማማታቸው ነው ልቤን የሞላው።

ጥቂት ነገር ልጠንቀቅልዎ። የታንኩ ምልክት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ታንክ ካለ ኢ አይደለም፤ ታንክ ከሌለ ግን ኢ ነው ማለት አይደለም። ኤም ታንኩን አውልቆ ጫፉ ላይ ሚሳይል ይይዛል። እንደዚያ ዓይነት ፎቶ ሲገጥምዎ የአየር ማስገቢያውን ስፋትና ያችን የክንፍ ሥር ሦስት ማዕዘን ይዩ። በቀለሙና በመደበቂያ ቅቡም አይፍረዱ፤ አውሮፕላን እንደ ቤት ይቀባል፣ እንደገናም ይቀባል። ኢንተርኔት ላይ «የኢትዮጵያ ኤፍ-5» ተብለው የሚዞሩ ፎቶዎችም አንዳንዶቹ የሌላ አገር ናቸው፤ ጭራው ላይ ያለውን ምልክት ሳያዩ ከእነሱ ጋር አያመሳስሉ።

ፎቶውን ከማሳደግዎ በፊት ዋናውን በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርገው ያስቀምጡ። ዛሬ ጥቁርና ነጭ ፎቶን ለኮምፒውተር ሰጥቶ ቀለም ማስቀባት ፋሽን ሆኗል። የአባትዎን ፊት ያሳምረው ይሆናል፤ ክንፉን ጫፍ ግን እንደፈለገው ይስለዋል። ከዚያ ማስረጃዎ ሄደ። የሚታተመው ዋናው ስካን ይሁን፤ ቆሻሻው ቢጸዳ ይበቃል።

ከሥሩ ምን ይጻፍ? እኔ የምመክርዎ ይሄን ብቻ ነው፦ «አባታችን ከኤፍ-5ኤ ተዋጊ ጄት ፊት፣ 1967»። ቦታውን ደብረ ዘይት ብለው የሚጽፉት የሚያውቅ ሰው ካረጋገጠ ብቻ ነው፤ የአየር ኃይል ሜካኒክ አስመራም ድሬዳዋም ይላካል። «ሚግ የጣለው አውሮፕላን» የሚለውን አይጻፉ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ፎቶው ከጦርነቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት በፊት የተነሳ ነው። ስንት ሚግ ወደቀ የሚለውም ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ ለሙት ዓመት የተዘጋጀ ፎቶ ሥር ክርክር አይሰቀልም።

ለአጎትዎም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አባትዎ እስከ 1970 ዓ.ም. አየር ኃይል ውስጥ ከቆዩ ኢን ሳይነኩት አልቀሩ ይሆናል። ይሄን የሚያረጋግጠው ግን የአገልግሎት ማስረጃቸውና አብረዋቸው የሠሩ ጓዶቻቸው ናቸው። ጓዶቻቸው ዕድሜያቸው ገፍቷልና ቶሎ ይጠይቋቸው። ከ1968 ወዲህ የተነሳ ሌላ ፎቶ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ጫፉን ትተው የክንፉን ሥር ይመልከቱ።